በመጣጣ አይብ ያስገዘትኳቸው ሴት

ይህ ነገር ከደረሰ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጊዜው ጥር ነበር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት። ከዚያ ወዲህ አይብ የቀረበበት ገበታ ላይ ስቀመጥ እጄ ቶሎ አይዘረጋም። ሰው ምነው ሲለኝ ጨጓራዬን አመካኛለሁ። ጨጓራዬ ደህና ነው። እውነቱን ለባሌም በቅጡ አልነገርኩትም፤ እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ግን ከቡሬ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ገጠር ነው። የእኛ አካባቢ ሰው በመጣጣ አይብ ቀልድ አያውቅም። ለማያውቀው ልንገር፤ ተራው አይብ ሳምንት ሳይሞላው ይበላሻል። መጣጣ ግን አጓቱ በደንብ ወጥቶለት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮሰረትና ጤና አዳም ገብቶበት፣ በወይራ በታጠነ ማሰሮ ታሽጎ ዓመታት የሚቀመጥ ነው። በቆየ ቁጥር ይጎመዝዛል፣ በጎመዘዘ ቁጥር ይጣፍጣል። ለሠርግ፣ ለተዝካርና ለክቡር እንግዳ ነው የሚወጣው።

የእያንዳንዷ ሴት መጣጣ ለየብቻው ነው። የሚያውቅ ሰው አንዴ ቀምሶ “ይኼ የእከሊት እጅ ነው” ይላል። እኔ እንደዚያ ነኝ፤ በዚህ ነገር ትዕቢተኛ ነኝ ብል አልዋሸሁም።

የእናቴ የዘርፌ መጣጣ ደግሞ ከሁሉም ይለይ ነበር። ምንጩ ዳር አንዲት የትርንጎ ዛፍ ነበረችን። እናቴ የትርንጎውን ልጣጭ በጥላ አድርቃ፣ ወቅጣ፣ ከቅመሙ ጋር ትጨምረዋለች። ሌላ ሴት ይህን ስታደርግ አላየሁም። ከቤታችን ውጭ ይህን የሚያውቁት አብረዋት ወተት የሚንጡት ጎረቤታችን፣ እትየ የሻረግ፣ ብቻ ነበሩ።

ያን ጊዜ ለሥልጠና አንድ ሳምንት አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። አብረውኝ የሠለጠኑት መምህራን ምሳ ላይ በእኔ ይስቁ ነበር፤ በየገባንበት አይቡን እየቀመስኩ አፌን ስለማጣምም። አንዱ ክትፎ ቤት ያቀረበልን አይብ የጠመኔ ዱቄት ነው የሚመስለው። አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ ደግሞ እንደ ሳሙና ተቆርጦ በላስቲክ የተጠቀለለ የፈረንጅ አይብ አሳዩኝ። ዋጋውን አይቼ በመጣሁበት እግሬ ተመለስኩ።

“እስቲ አንቺ አዋቂዋ፣ በዚህ ከተማ ጥሩ አይብ የት ነው የሚበላው?” እያሉ ያበሽቁኛል። የዱርቤቴ ልጅ የሆነ አንድ መምህር ግን ሳቁን ትቶ፣ “አስኮ አካባቢ የጎጃም ሾፌሮች የሚበሉባት ቤት አለች፣ መጣጣ አይጠፋትም” አለኝ። በማግስቱ ከሥልጠናው ወጥቼ ብቻዬን ሄድኩ።

ቤቷ ከዋናው መንገድ ገባ ያለች፣ አራት ጠረጴዛ ያላት ጠባብ ቤት ናት። በመስኮቷ በኩል ቅቤና አይብ በኪሎ ይሸጣል፣ ውስጥ ይበላል። ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ቀልጣፋ ሴት ታስተናግዳለች። መጣጣ አላችሁ ወይ አልኳት። “ሞልቶ!” አለችና በቅቤ ለወስ አድርጋ በእንጀራ አቀረበችልኝ።

አንድ ጊዜ ጎረስኩ። መጀመሪያ ጉምዛዜው ምላሴን ቆንጠጥ አደረገኝ፣ ከዚያ ኮሰረቱ መጣ፣ መጨረሻ ላይ ያ የትርንጎ ሽታ ወደ አፍንጫዬ ወጣ። እናቴ ከሞተች ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቴ ራሷ በእጇ ያጎረሰችኝ መሰለኝ።

ቀጥሎ የመጣብኝ ግን እንባ አልነበረም፣ ንዴት ነው። “ሌባዋን አገኘኋት!” አልኩ በልቤ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

እናቴ ሳትሞት በፊት ለሁላችንም “ለተዝካሬ አንድ ማሰሮ መጣጣ አስቀምጫለሁ፣ በሰው ፊት እንዳታሳፍሩኝ” ትል ነበር። የት እንዳስቀመጠችው የጠየቃት የለም። እናት እያለች ማን ስለ ተዝካር ይጠይቃል? ሕመሙ ሲጠናባት፣ ልትሞት አሥር ቀን ሲቀራት ምላሷ ተያዘ። ሦስት ወር ሙሉ አጥበው፣ አጉርሰው፣ አገላብጠው ያስታመሟት እትየ የሻረግ ናቸው። እኔ በየሳምንቱ መጨረሻ ከፍኖተ ሰላም እየመጣሁ የማለቅስ ነበርኩ እንጂ ሥራው የእሳቸው ነበር።

በመጨረሻዎቹ ቀኖች እናቴ አንድ እጇን እያነሳች ጥጆች ወደሚያድሩበት የቤቱ ጥግ ትጠቁም ነበር። ሦስት ቀን ጠቆመች። “ጥቁሩን ጥጃ ለቤተ ክርስቲያን ስጡልኝ ማለቷ ነው” ብዬ የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። ጥጃውን ነድተን ወስደን ሰጠን። የቀብሩ ለቀስተኛ ሁሉ “እንዴት ያለች የጽድቅ ሴት!” ብሎ ተደነቀ።

አርባዋ ሊወጣ ሲል ማሰሮውን ፈለግነው። ጓዳውን፣ ቆጡን፣ የእህሉን ጎታ ሥር ሁሉ ፈተሽን። ማሰሮው የለም። ድግስ ተደግሷል፣ አገር ተጠርቷል፣ ሟቿ አለኝ ያለችው መጣጣ የለም። ወንድሜ ገበየሁ አንገቱን ደፍቶ ቁጭ አለ። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ ከመሞቷ ሁለት ሳምንት በፊት እትየ የሻረግ ከቤታችን ሲወጡ ነጠላቸው ሥር አንድ ነገር ሸፍነው ነበር።

ወተት ነክ ነገር ተሸፍኖ መሄዱ ያገራችን ደንብ ነው፤ ዓይን እንዳያገኘው። ይህን አውቃለሁ። በዚያ ቀን ግን ማወቅ አልፈለግኩም። በሽማግሌዎቹ ፊት ያየሁትን ተናገርኩ።

እትየ የሻረግ ተጠርተው መጡ። “እናትሽ አፏ ሳይያዝ በእጇ የሰጠችኝ እፍኝ የመጣጣ እርሾ ናት” አሉ። “የኔን ማሰሮ እንድጀምርባት። የተዝካሩን ማሰሮ ግን አላዬሁትም፣ ያለበትንም አላውቅ።”

ሽማግሌዎቹ ሊያምኗቸው ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ሌላ ምስክር የለም፣ ሰጠችኝ ያሏት ሞታለች፤ እንግዲህ ግዝት ይውጣ አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሲጠፋ በእኛ አገር ቄስ ይጠራና በሥልጣኑ ያስራል። የወሰደ ሰው ካላወጣ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ይሆናል። ሰው ከፖሊስ ይልቅ ይህን ይፈራል።

መምሬ አዱኛ መጡ። “ምን ብየ ልገዝት?” ብለው ጠየቁን። ማንም ሳይቀድመኝ “ትንሽም ይሁን ብዙ፣ ከዚህ ቤት መጣጣ ያወጣ ሁሉ ይበሉልኝ” አልኳቸው። ማምለጫ ቀዳዳ እንዳይኖር ብዬ ነው።

“የተሰጠው ሰውስ?” አሉኝ።

“አባ፣ የሰጠ የለም” አልኩ።

ትንሽ አዩኝና መስቀላቸውን አንስተው እንዳልኩት ገዘቱ። እትየ የሻረግ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ያያቸው የለም። በዓመቱ ጎጇቸውን ዘግተው ከአገር ወጡ። “ካልሰረቀች ምን አስኬዳት!” አልን። እኔ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ጮክ ብዬ አልኩ።

እንግዲህ አስኮ ያቺ ጠባብ ቤት ውስጥ ያ ትርንጎ አፌ ሲገባ በልቤ የተነሳው ይህ ሁሉ ነው። አስተናጋጇን ጠራኋትና “ይህን አይብ ማን ነው የሠራው?” አልኳት።

“እናቴ ናት፣ ጣፈጠሽ?”

“እናትሽ የሻረግ ይባላሉ?”

ፊቷ በራ። ልጅቱ ሙሉ ትባላለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ስላደገች አታውቀኝም። ያገራቸው ልጅ ነኝ፣ ልያቸው አልኳት። “በማርያም ግቢ! ታማብኛለች፣ ያገሯን ሰው ስታይ ትጽናናለች” ብላ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። እኔ የምገባው ልጮህባቸው ነበር።

እትየ የሻረግ አልጋ ላይ አልቀዋል። አጥንታቸው ብቻ ነው የቀረው። ከበሩ ስገባ ሲያዩኝ ግን ወዲያው አወቁኝ።

“የዘርፌ ልጅ፣ ስንዱ?” አሉ።

እንዴት ነዎት አላልኳቸውም። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል “ማሰሮውን የት አደረጉት?” የሚል ነው።

እሳቸው ግን አልተቆጡም። ዓይናቸው ውስጥ የነበረው ብርሃን ብቻ ጠፋ። “ዛሬም አልተገኘ?” አሉኝ። “እኔስ ተገኝቶ፣ ልትነግሪኝ የመጣሽ መስሎኝ።”

ሙሉ “ምን ማሰሮ?” ትላለች። “ዝም በይ ልጀ” አሏት። ለልጃቸው እንኳን አልነገሯትም ነበር። ሙሉ የምታውቀው እናቷ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከቅጽሩ ውጭ ቆመው አስቀድሰው እንደሚመለሱ ብቻ ነው። ዝናብ ቢመጣ፣ ፀሐይ ቢጠብስ አይገቡም። የእግር ሕመም ነው፣ ደረጃ አልችልም ይሏት ነበር።

“ካልሰረቁ ምን አስፈራዎት?” አልኳቸው። አሁን ድምፄ ወርዷል።

“ቃሉ እኮ ‘ያወጣ ሁሉ’ ነው ያለ” አሉኝ። “እኔ ደግሞ አውጥቻለሁ። እፍኝም ብትሆን፣ ሰጥታኝም ቢሆን አውጥቻለሁ። የቄስ ቃል ይህን ይዞ ያን ይተዋል እንዴ?”

አዲስ አበባ ለንስሐ አባታቸው ተናግረው ነበር። “ያሰረሽ ቄስ በሕይወት ካለ እሱ ይፍታሽ” ብለዋቸዋል። ወደ አገር ተመልሰው ለመሄድ ደግሞ አልደፈሩም። ወደ ማን ይሂዱ? ወደ እኛ? እጄን ያዙኝና አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ “መምሬን ጠይቂልኝ። ሳልፈታ እንዳልሞት።”

ሙሉ እየሸኘችኝ ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የምናደርግላት የለም ብለው እናቷን ወደ ቤት እንደመለሷቸው ነገረችኝ። ቀናቸው ጥቂት ነው። መንገዱ ላይ ቆሜ ለወንድሜ ደወልኩ፤ እንደ ዕድል ቡሬ ወርዶ ኖሮ ስልኩ ያዘልኝ። “ገበየሁ፣ እትየ የሻረግን አገኘኋቸው” አልኩት።

ወንድሜ ወሬኛ ነው፤ ስልክ ላይ ሲይዝህ አይለቅህም። ያን ቀን ግን ዝም አለ። በጣም ቆይቶ “መጥተሽ እንነጋገር” አለኝ። ስለ ማሰሮው የሚያውቀው ነገር እንዳለ ከዝምታው ገባኝ።

በማግስቱ መናኸሪያ ትኬት አጣሁ፤ በሦስተኛው ቀን ሥልጠናውን ጥዬ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ፍኖተ ሰላምን በመስኮት አይቼ አለፍኳት። ቡሬ አድሬ፣ ጠዋት ባጃጅ እስከሚገባበት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ አገሬ ገባሁ። ዓርብ ነበር።

ገበየሁ ምንም ሳይናገር ዶማ አንስቶ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ባሕር ዛፍ የተከመረበትን ቦታ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ቆፈረ። ማሰሮው ወጣ። አንገቱ በጭቃና በጨርቅ እንደታሸገ ነው። አወቅሁት። እናቴ ራሷ ናት ያሸገችው፤ ጨርቁ የአሮጌ ቀሚሷ ቁራጭ ነው።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ አሮጌውን ቤት አፍርሶ ቆርቆሮ ሲሠራ ዶማው ነክቶት ነው ያገኘው። “የት ነበር?” አልኩት።

“ኸጥጆቹ ማደሪያ ሥር።”

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የድሮ ሴቶች መጣጣቸውን ለብ ባለ መሬት፣ ማንም ሳያያቸው እንደሚቀብሩና ቦታውን ለሚከፍተው ሰው ብቻ እንደሚናገሩ ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። ተረት ይመስለኝ ነበር። እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ነግራኛለች። እኔ ጥጃ ሰጠሁላት።

“ለምን አልነገርከኝም?” ብዬ ጮህኩበት።

“ምን ብየ?” አለኝ። “ሰው አስገዝተን፣ ኸአገር አስወጥተን፣ ‘ኧረ ኸኛው ቤት ኖሯል’ ልበል? ካፍ ኸወጣ አፋፍ ነው። ደግሞ ያለችበትን ማን ያውቃል?” ጓሮ መልሶ የቀበረው ለዚህ ነው። ሚስቱ እንኳን አታውቅም። ልመታው ዳድቶኝ ነበር። ግን በምን አፌ? እሱ የደበቀው የእኔን ቃል ነው።

መምሬ አዱኛ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ሊጠፋ ነው። የሆነውን ሁሉ ስነግራቸው መስቀላቸውን በእጃቸው እያሻሹ ሰሙኝ። “‘የተሰጠው ሰውስ’ ብየሽ ነበር” አሉኝ። ሰባት ዓመት አልረሱትም። “እኔም በደለኛ ነኝ። አንች በተናደድሽው እኔ መቸኮል አልነበረብኝም።” ከዚያ፣ ስትታሰር ሕዝብ ሰምቷልና ስትፈታም ሕዝብ ይስማ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን አሉ። እሽ አልኩ። ሁለት ቀን መጠበቅ ምንም አልመሰለኝም።

በእኛ ቀበሌ ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወጥቼ ለሙሉ ደወልኩ። እያለቀሰች ነበር። “ከትናንት ጀምሮ ውኃ እንኳን አልወርድ ብሏታል” አለችኝ። “ዓይኗ ግን በር በሩን ነው የሚያይ። ‘ስንዱ ደወለች ወይ’ ትላለች።”

ቁልቁል እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። መምሬ እግር ላይ ወደቅሁ። እሑድ አይደርሱም፣ ዛሬ በስልክ ይፍቷቸው አልኩ።

“በስልክ?” አሉና መስቀላቸውን ዳሰሱ። ከዚያ “ያኔስ ቃሌ በአየር አይደል የሄደ” አሉኝ። “በይ፣ ያገኘሽውን ሰው ሰብስቢ።”

ቀኑ የገበያ ቀን ስለሆነ ጎልማሳው ሁሉ ቡሬ ወርዷል። አሮጊቶች፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አራስ ሊጠይቁ የመጡ ሴቶች፣ በጠቅላላው አሥራ አምስት የምንሆን ተሰበሰብን። መምሬ አቀበቱን አይችሉም። ገበየሁ ማንም ሳያዘው ጎንበስ አለና በጀርባው አዘላቸው። ያን ሁሉ አቀበት አንድ ጊዜ እንኳን ሳያርፍ ወጣ።

ስልኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። በሦስተኛው ሙሉ አነሳች። “ጆሮዋ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ተናገሩ” አለች። ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩትና ወደ መምሬ አስጠጋሁት። እሳቸው ግን መልሰው ወደ እኔ ገፉት። “መጀመሪያ ያሳሰርሽ አንች ነሽ፣ ይቅርታ ጠይቂ” አሉ።

ተናገርኩ። “እትየ የሻረግ፣ እኔ ስንዱ ነኝ። ማሰሮው ተገኘ። አንቱ አልሰረቁም” አልኩ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ሰባት ዓመት የቆየው ሁሉ ገነፈለብኝ። ያለቀስኩትን ለቅሶ፣ በሽማግሌ ፊት ያልኩትን፣ ወንድሜ ማሰሮውን እንዴት እንዳገኘው፣ እናቴ እንዴት እንደጠቆመች፣ ስለ ጥቁሩ ጥጃ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አወራሁ። የተሰበሰበው ሰው ያለቅሳል። እኔም እያለቀስኩ እቀጥላለሁ። ደረቴ ቀለል እያለኝ ሄደ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር።

መምሬ ነጠላዬን ጎተቱኝ። “ይበቃል ልጀ፣ አምጭው” አሉ።

ስልኩን ተቀብለው “ክርስትና ስሟ ማነው?” አሉ። አንድም የሚያውቅ ሰው የለም። ያን ያህል ዓመት ጎረቤታችን ሆነው፣ እናቴን አጥበው፣ የክርስትና ስማቸውን የጠየቀ አልነበረም። ሙሉን ጠየቅናት። ጩኸቴን ሰምታ እስክትመልስ ትንሽ ቆየች። “ወለተ ሥላሴ” አለች።

መምሬ ቆባቸውን አወለቁ። “ወለተ ሥላሴ፣ ልጀ፣ ያሰርኩሽ እኔ ኃጢአተኛው ነኝ። እግዚአብሔር ይፍታሽ። ኸዛሬ ጀምሮ የተፈታሽ ነሽ። እኔንም አንች ፍችኝ” አሉ። ሁላችንም “አሜን” አልን። ከወዲያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ የሙሉ ጩኸት መጣ፣ ስልኩም ተቋረጠ።

ለሣልስታቸው አዲስ አበባ ደረስኩ። ሙሉ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ “ሰምታለች” አለችኝ። “ይፍታሽ ሲሉ እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። ሰምታ ነው የሄደች።” እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ደስታም ነበረበት።

ማታ ዕቃ ስናጥብ ግን በዚያ ሰዓት አልጋው ራስጌ የነበረች አንዲት ጎረቤታቸው ወደ እኔ ጠጋ አለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የምታጽናናኝ መስሏት ነው። “ብዙም አልተሰቃዩ” አለችኝ። “ስለ ጥጃው ስታወሪ ነው ትንፋሻቸው ቀጥ ያለው። ዓይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ። ሙሉ ስልኩን ይዛ ስለነበር አላስተዋለችም።”

የያዝኩትን ሳህን አጥቤ ጨረስኩ።

ለመንፈቃቸው ያን ማሰሮ አገር ሰብስበን ከፈትነው። መምሬም ዳግመኛ በሕዝብ ፊት ፈቱ። ሙሉም መጥታ ነበር። ሰው ሁሉ “እንዲህ ያለ መጣጣ ቀምሰን አናውቅም” እያለ በላ። እኔ ለሁሉም አቀረብኩ እንጂ አልቀመስኩትም።

ሙሉ ዛሬም ስንገናኝ ሰምታለች ትለኛለች። ከሙሉና ከዚያች ጎረቤት የትኛዋ በትክክል እንዳየች አላውቅም፣ መልሼም አልጠየቅኳቸውም። ገበየሁ “እግዜር ጆሮ የለው ይመስል እኮ ነው የምትጨነቂ” ይለኛል። ልክ ነው ብዬ እተኛለሁ፣ ተመልሼ እነቃለሁ።

የዚያን ቀን ጥሪ ከስልኬ ላይ እንዳይጠፋ ፎቶ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ ይላል። መምሬ ያሉትን ቃል ብቻዬን ስሆን ድምፄን አውጥቼ፣ ሰዓት ይዤ፣ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። የቀረውን ያወራሁት እኔ ነኝ።